አዲሱ ክንፉ አባት የለውም

ፖርት ኤልዛቤት፣ ኅዳር 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአቢጋኤል፣

የጌታ ሰላም አንቺ ካለሽበት ከሆሳዕና እስከ እማዬ ደጅ እስከ ሞርሲቶ ድረስ ይብዛ። ጋሼ እንዴት ናቸው? የእትዬ ትርፊት ጉልበት ተሻላቸው? እማዬ ገበያ ስትወጣ ትገናኛላችሁ? እኔም ባለቤቴ ኖምሳም ልጃችን ምሕረትም ደህና ነን። ሱቁም እግዚአብሔር ይመስገን ይሠራል፤ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ተናድጄ ነው። አትደንግጪ፣ የተናደድኩት በካርቱን ነው።

ክንፉ ተመለሰ። የእኛው ክንፉ፣ በአባትሽ በጋሼ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ እሳቸው እየተረጎሙልን፣ እያየነው ያደግነው ባለ ክንፍ ጀግና። እንደ አዲስ ሠርተውት ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን ያሳያሉ። ምሕረት ከፍታ ስታይ ሙዚቃው ጆሮዬ ገባ፤ ስኳር እየመዘንኩ ነበር፣ ሚዛኑን ትቼ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ደንበኛዬ ሌባ የገባ መስሏት እሷም በዋናው በር ሮጣ ወጣች።

ምነው ባልሮጥኩ። ከድሮው የቀረው ሙዚቃው ብቻ ነው። ክንፎቹ ብረት አይደሉም፣ ብርሃን ናቸው፤ ሲበር ኮሽታ እንኳ የለውም። ያ ደረተ ሰፊ ሰውዬ ከስቶ ከስቶ የኮሌጅ ተማሪ መስሏል። አፉ አያርፍም፤ በድብድብ መሃል ቆሞ ይቀልዳል። አቶ መንጋጋ፣ ያ ባለ ብረት አገጭ ክፉ፣ ጋሼ እንኳ «አቶ» ሳይሉ ጠርተውት የማያውቁት፣ አሁን አልቃሻ ሆኗል። በልጅነቱ የደረሰበትን እያነሳ ያለቅሳል። የኛ መንጋጋ የልጅነት ታሪክ ነበረው እንዴ? ሲወለድም አገጩ ብረት የነበረ ነው የሚመስለኝ።

ጸሎቱንም አስቀርተውታል። ትዝ ይልሻል፣ ክንፉ ከድብድብ በፊት አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ ሲጸልይ? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋሼን «ለምን ለልጆች ሲኒማ ታሳያለህ» ብለው ሊገስጹ መጥተው፣ ያንን አይተው ሻይ ጠጥተው የሄዱት? አሁን የለም።

ከሁሉ የባሰው ግን የክንፉ አባት ነገር ነው። አባቱን ምን አደረጉት? ድሮ እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ክንፉ ፎቅ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ጀርባውን ሰጥቶን ፀሐይ የምትገባበትን ተራራ ያያል። ሙዚቃ ብቻ ነው። ጋሼ ያኔ በጡጫ ምት ሁሉ የሚደልቁትን ያንን ባዶ ጀሪካን ይተዉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባቱ ከተራራው ማዶ ነው። መንገዱ ረዝሞበት ነው እንጂ አልቀረም» ይሉ ነበር። እኔ የምገባው ያቺን ቃል ለመስማት ነበር፤ ድብድቡ ለእናንተ ነበር። ለምን እንደሆነ እንደ እህት አብረሽኝ ያደግሽው አንቺ ታውቂያለሽ። አባዬ በ82 ለጦሩ ተመልምሎ ከሄደ ወዲያ እንዲህ ያለ ቃል የነገረኝ ሌላ ሰው አልነበረም። በአዲሱ ግን ተራራም የለ፣ አባትም የለ። ቀልድ ተናግሮ ያልቃል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ምሕረት የእናቷን ቋንቋ ታንበለብለዋለች፤ እንግሊዝኛም አላት። የእኛን ግን «ነይ» እና «ብዪ» ብቻ ነው የምታውቀው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ስለዚህ አዲሱን ፊልም በሲዲ ልኬልሻለሁ። ጋሼ እንደ ድሮው ተቀምጠው ይተርጉሙት፤ በአማርኛም ይሁን፣ ሲጋጋሉ እንደሚያደርጉት በሀዲይኛም ይሁን። አንቺ በሞባይልሽ ድምፃቸውን ቅጂና ላኪልኝ። ልጄ በእሳቸው ድምፅ ትደግ። አባቱንም እሳቸው ይመልሱት፤ ያውቁበታል።

ስደውል ሁሌ «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» ትይኛለሽ። ጋሼ ፓስተር ሆኑ እንዴ? ለያሆዴ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ እመጣለሁ ያልኩት ዘንድሮም ሳይሆን አለፈ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ነው፤ ለሚመጣው ያሆዴ ግን አይቀርም።

ወንድምሽ ቲቶ

ሆሳዕና፣ ጥር 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

በጌታ ለምወድህ ወንድሜ ለቲቶ፣

ሰላምህ እንደ ጥቅምት አበባ ይፍካ። ኖምሳን አንገቷን አቅፌ ሳምኳት በልልኝ፤ ምሕረትንም ጉንጯን። እማማ ጉልበቷ ያው ነው፣ ሲበርድ ያማርራል፣ ሲሞቅም አያመሰግንም። እናትህ እትዬ አበራሽ ባለፈው ቅዳሜ መጥታ ቅቤ አስቀምጣልሃለች፤ ሰው ስናገኝ እንልካለን። አባባም ሰላም ይልሃል። ጉሮሮውን ትንሽ ስላመመው ትርጉሙ ለጊዜው አይመቸውም፣ ሲሻለው እናያለን።

ፊልሙን አየነው። እማማ ሁለት ክፍል አይታ «ይህ ልጅ እናት የለውም? ለምን አያበሉትም?» ብላ ተነሳች። እኔ ግን ተቆጣህም አልተቆጣህም እውነቱን ልንገርህ፤ ወድጄዋለሁ። ሁሉንም አይደለም፣ ስለ ክንፎቹና ስለ መንጋጋ እንባ ካንተ ጋር ነኝ። ነገር ግን ያቺን ልጅ፣ አባባ «ውቢት» ይላት የነበረችውን አስባት። በድሮው ሥራዋ ምን ነበር? ከፎቅ መውደቅ። ስትወድቅ ትጮሃለች፣ ክንፉ ይቀልባታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሄዳ ትወድቃለች። እኔ ያኔም ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው ፎቅ የምትወጣው እል ነበር። አሁን የራሷ ክንፍ አላት፤ እንዲያውም እሱን ትቀልበዋለች። የአራተኛ ክፍል ሴት ተማሪዎቼ ይህንን ቢያዩ ደስ ይለኛል። አንተም ሴት ልጅ አለችህ፣ ብትናደድም አስብበት።

ስለ አባቱ ግን ልክ ነህ። ለማረጋገጥ ብዬ የአግዳሚ ጓደኞቻችንን ሰበሰብኩ። አክሊሉ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ ጵርስቅላ ነርስ ሆናለች። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ጠየቅኳቸው፤ ሁለቱም ማሉ። አባቱ ከተራራው ማዶ ነው፣ ጸሎቱም ነበረ። ከጎናችን የተቀመጠው ገብርኤል የሚባል የጤና ቢሮ ሰው ጣልቃ ገባ። የአዲሎ ልጅ ነው።

«እኛ አዲሎ ላይ ያየነው ክንፉ አባት አይጠብቅም» አለ። «የአጎቱ ልጅ መሬቱን ወስዶበት ነው የሚዋጋው። ያ ባለ ብረት አገጩ የአጎቱ ልጅ ነው።»

አክሊሉ ሳቀበት። «አዲሎ መንገድ ዳር ነው፤ መኪና ሲያልፍ ግማሹን አትሰሙም።»

«እናንተስ? ጀግናውን ዲያቆን አደረጋችሁት እኮ።»

ክርክሩ ሲከር የጵርስቅላ ባል መጣ፤ እሱ ደግሞ የዶዮገና ነው። እዚያ ፊልሙ በገበያ ቀን ብቻ ነበር የሚታየው፣ አስተርጓሚም አልነበራቸውም፣ ቢኖርም በጄኔሬተሩ ጩኸት አይሰማም። ሰውዬው ሁላችንንም አዳምጦ ሲያበቃ ምን አለ መሰለህ? «እኔ እስከ ዛሬ ጥሩው ሰው ባለ አገጩ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ በኋላ ክርክር የለም፣ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ሳቅን። አንተ ብትኖር ብዬ ቆጨኝ።

ከቻልክ የደም ግፊት መድኃኒት ላክልኝ፣ ስሙን ከጀርባ ጽፌዋለሁ። ከታች ጎማ ያለው ምርኩዝም እዚያ ይገኛል ይባላል። ለጎረቤት ነው።

እህትህ አቢጋኤል

ፖርት ኤልዛቤት፣ የካቲት 21 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአቢጋኤል፣

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ፣ የጋሼንም ጉሮሮ ይንካ። ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው ግን ይህን ያህል የሚቆይ? ዝንጅብል አፍሉላቸው፤ እምቢ ካሉም ቲቶ አዟል በያቸው። መድኃኒቱንና ምርኩዙን ደብዳቤውን በያዘው ልጅ እጅ ልኬያለሁ። ጎረቤት ያልሽው ማን ነው? ስም ስጪኝ እንጂ፤ እኔ የማላውቀው ጎረቤት አላችሁ?

የአዲሎውን ሰውዬ ነገር ለሳምንት ስስቅበት ሰነበትኩ። የአጎት ልጅ፣ መሬት! አዲሎዎች ሰማይ ላይ የሚበር ሰው እንኳ ሲያዩ የሚታያቸው ድንበር ነው። ንገሪው፣ አሮጌውን ፊልም ፈልጌ አገኝና በዓይኑ አሳየዋለሁ። እዚህ መሃል ከተማ ያገለገለ ሲዲ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ይገኛል ብሎኛል።

ስለ ውቢት ያልሽውን ለኖምሳ ነገርኳት፤ ከአንቺ ጋር ናት። ሁለት ለአንድ ሆናችሁብኛል። ሦስተኛም አለች፦ ምሕረት አዲሱን ትወደዋለች። ያስቃል ትላለች። ልጅ ካርቱን ወደደች ብሎ የሚከፋው አባት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ እኔ ራሴ ልተርጉምላት ብዬ ሞከርኩ። ድምፁን አጠፋሁ፣ ባዶ ጀሪካን አመጣሁ፣ እንደ ጋሼ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ። ኖምሳ በሳቅ ፈረሰች። ትንሽ ሄድኩ፤ ከዚያ አማርኛው አልታዘዝ አለኝ፣ ሀዲይኛው ደግሞ ጭራሽ ሸሸኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ያ ተራራ የለም፣ ምን እንደምል ጠፋኝ። ጀሪካኑን መለስኩና ወደ ሱቄ ሄድኩ። ጋሼን አጣድፊያቸው እባክሽ። ልጅቷ እያደገች ነው።

ወንድምሽ ቲቶ

ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቲቶ፣

እንዴት ከርመሃል? በጌታ ቸርነት እኛ አለን። ስለዘገየሁ አትቀየመኝ፤ ምርጫው ደርሶ መምህራን ሁሉ ከስብሰባ ስብሰባ ነን፣ ከክፍል ይልቅ አዳራሽ ውስጥ የምውልበት ቀን በዝቷል። የላክኸው ሁሉ በሰላም ደርሷል፣ እጅህ ይባረክ። ምርኩዙ ለባለቤቱ ልክ ሆኗል።

የአባባን ነገር ለጠየቅኸው፣ ለመተርጎም አልፈለገም። ዕድሜውም ገፋ፣ ካርቱን አሁን ምኑ ነው? ቪዲዮ ቤቱን ከዘጋ ቆየ እኮ፤ ዲሽ ከገባ ወዲህ አስተርጓሚ የሚፈልግ የለም። አግዳሚዎቹን ቤተ ክርስቲያን ወስዳቸዋለች። አንተ ግን ለእሱ በስሙ ደብዳቤ ጻፍለት፣ እኔ አነብለታለሁ። ደስ ይለዋል።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለያሆዴ እመጣለሁ ያልከው የእውነትህን ነው? ዕቃ አልፈልግም፣ መድኃኒትም ይበቃል። መምጣትህን ብቻ ንገረኝ።

እትዬ አበራሽ ያዘጋጀችውን ዳጣ ልኬልሃለሁ። ምሕረትን አታቅምሳት፣ ትቃጠላለች።

እህትህ አቢጋኤል

ፖርት ኤልዛቤት፣ ግንቦት 23 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለአቢጋኤል፣

ሰላም ለቤቱ ይሁን። ዳጣው ደርሷል፣ እማዬን አመስግኚልኝ። ዓለም ዋንጫው ሊጀመር ነው፤ ከተማው ባንዲራ በባንዲራ ሆኗል፣ ሱቁም ሰው አያጣም። እኔ ግን ሁለት ቀን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

አሮጌውን ፊልም አገኘሁት፤ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ፣ ሙሉውን። ለአዲሎው ሰውዬ ማስረጃ ልልክ ነበር አይደል? ቁጭ ብዬ አየሁት። አሁን እንግሊዝኛ እሰማለሁ፤ ያኔ አልሰማም ነበር።

ክንፉ አይጸልይም። እጁ ላይ ያለው ሰዓት ሬዲዮ ነው። አንገቱን ደፍቶ የሚለው «መኪና ላኩልኝ» ነው። እዚህ ላይ እንኳ ሳቅኩ፤ ሽማግሌዎቹ ትዝ ብለውኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ስሙም ክንፉ አይደለም። እውነተኛ ስሙን ልነግርሽ አልፈልግም፣ ለአፍም አይመችም። ጋሼ ድሮ ከሠሩበት ከፈረንጆቹ ክሊኒክ መጋዘን ይዘውት የመጡት እንግሊዝኛ «ና»፣ «ሂድ»፣ «ሳጥኑን አንሳ» ነበር ለካ። የቀረውን ሁሉ ከሆዳቸው ነው ያወጡት።

መጨረሻው ላይ፣ ተራራው ላይ ስደርስ፣ ማንም ምንም አይልም። የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ነው የሚያልፈው። አዲሶቹ አባቱን አላጠፉትም አቢጋኤል፤ መጀመሪያም አልነበረም። ይባስ ብሎ የመጀመሪያው ክፍል ላይ አባቱ ሞቶ ይቀበራል። ሬሳ ሣጥኑም፣ አፈሩም፣ ልጁ ቆሞ ሲያለቅስም ይታያል። እኛ ያንን ካሴት አይተን አናውቅም፤ ጋሼ «የቪዲዮው ዴክ በላው» ብለውን ነበር።

አውቀው ነው የደበቁት። እኔ ልጅ ሆኜ በዚያ ቃል ነው ያደግሁት። ሰው ሲወጣና ሲገባ አስፋልቱን እያየሁ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሰው እግር እያየሁ። መንገዱ ረዝሞበት ነው አሉኝ፤ አመንኳቸው። እስከ ዛሬ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ሆኜ እንኳ፣ የሽማግሌ ድምፅ በአማርኛ ከውጭ ስሰማ ልቤ ይዘላል። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ይህንን ደብዳቤ አንብቢላቸው። አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፦ የክንፉን አባት መሞት ካወቁ፣ የእኔንስ አባት ያውቁ ነበር? መርዶ ደርሷቸው ደብቀውኝ ነው? መልሱን ከአንቺ አልፈልግም። በድምፃቸው ይንገሩኝ፤ ለትርጉም ባይሆን ለዚህ ጉሮሯቸው ይከፈት። የሲዲውንም ቅጂ ልኬያለሁ፣ ዓይናችሁ ይመስክር።

ቲቶ

ሆሳዕና፣ ሐምሌ 11 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቲቶ፣

እግዚአብሔር ልብህን አበርትቶ ይህንን ያስነብብህ። ኖምሳ አጠገብህ ካለች ጥራትና ከጎንህ ትቀመጥ።

አባባ መናገር አይችልም። ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ላይ፣ ጓሮ እንሰቱን ሲያይ ግፊቱ ጣለው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ ቃል ከአፉ አይወጣም። አእምሮው ግን ንጹሕ ነው፤ ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል። ጉሮሮ ያልኩህም፣ ጎረቤት ያልኩህም እሱ ነው። በውጭ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይላክም ብለን ነው፤ እትዬ አበራሽም «ልጄ በሰው አገር ብቻውን እንዳያለቅስ፣ ሲመጣ በዓይኑ ያያል» አለች። አንተ ደግሞ ለዚህ ያሆዴ፣ ለሚቀጥለው እያልክ አልመጣህም። እኔም ውሸት መደርደር ደክሞኛል፤ እውነቱን ነው የምልህ፣ ደክሞኛል።

ደብዳቤህን አነበብኩለት። ልዝለል ብዬ ነበር፣ ግን በግራ እጁ ወረቀቱን ነካ፤ ቀጥዪ ማለቱ ነው። ሬዲዮው ላይ ስደርስ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። አውቶቡሱ ላይ ስደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጥያቄህን ጠየቅኩት፦ «መርዶ መጥቶልህ ነበር አባባ?» ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፣ አልመጣም። ደግሜ ጠየቅኩት፤ አልመጣም። ዓይኔን አፍጥጦ እያየኝ ነው የመለሰልኝ፣ ቲቶ። አላወቀም።

የቀረውን እማማ ነገረችኝ። ዴኩ ምንም አልበላም። አባባ እያንዳንዱን ካሴት ለሰው ከማሳየቱ በፊት ጠዋት ብቻውን ያየዋል፤ ምን እንደሚል ለመዘጋጀት። ያንን የቀብር ካሴት አይቶ አውጥቶ አስቀመጠው። እማማ ገንዘብ የወጣበት ነው ብትለው «የአበራሽ ልጅ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው» አላት። «መርዶ ላልመጣለት ሰው አይለቀስም። እኔ ደግሞ በቪዲዮ መርዶ አልነግረውም።» ያ ነው የሆነው። አባትህ ሞቷል የሚል አልመጣም፣ አለ የሚልም አልመጣም፤ በመሃል ላለ ሰው የሚባለውን ነው የነገረህ። ውሸት ነው ካልክ ውሸት ነው። እኔ ግን ልቆጣው አልቻልኩም፤ ላንተ ብሎ የሠራውን እኛ ሁላችን ጠግበን በላን።

አሁን ሌላ ነገር ልንገርህ። የላክኸውን አሮጌ ሲዲ አባባ እንድንከፍተው ፈለገ። አክሊሉና ጵርስቅላ መጡ፤ የአዲሎው ገብርኤልም መጣ፣ ለክርክሩ ብሎ። ድምፁን አጠፋሁት። ዝም ብለን ስናይ አባባ በምርኩዙ ወደ ጓዳ ይጠቁማል፤ ይጠቁማል፣ አልገባንም። እማማ ናት የገባት። ጀሪካኑን አምጥታ ከጉልበቱ አጠገብ አቆመችለት።

ክንፉ የመጀመሪያውን ጡጫ ሲሰነዝር አባባ በግራ እጁ ደለቀ። ልክ በሰዓቱ። ሁላችንም ዘወር ብለን አየነው፤ እሱ እኔን ነው የሚያየው። ምን ትጠብቂያለሽ የሚል ዓይን ነው፣ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ጀመርኩ። «አቶ መንጋጋ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገው መጡ?» አልኩ በእሱ አነጋገር። ልክ ስሆን ይደልቃል፣ ስሳሳት ጀሪካኑን በጥፍሩ ይቧጥጣል። ክንፉ ሰዓቱ ላይ ሲያጎነብስ «መኪና ላኩልኝ» ልል ስል ቧጠጠ፤ አስጸለይኩት። ገብርኤል እንኳ አሜን አለ። ውቢት ስትወድቅ ግን «ዛሬ የመጨረሻዬ ነው፣ ከእንግዲህ ፎቅ አልወጣም» አስባልኳት። አባባ ትንሽ አሰበበትና ደለቀ።

ሁሉንም ቀድቼዋለሁ፤ ሚሞሪ ካርዱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለምሕረት በላክሁት ቀሚስ ጫፍ ተሰፍቷል፣ ፍታው። መጨረሻው ላይ፣ ተራራው ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። ያቺ ቃል የእኔ አይደለችም። አባባም ጀሪካኑን ትቶ ጠበቀ። ሰው ሁሉ ጠበቀ። ባዶውን ነው የቀዳሁት፣ አትቀየመኝ።

እህትህ አቢጋኤል

ፖርት ኤልዛቤት፣ ነሐሴ 16 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአቢጋኤል፣

የጋሼን ግራ እጅ ስሚልኝ። በዚህ ደብዳቤ ከእሱ የሚቀድም ሰላምታ የለኝም።

መጀመሪያ ተናደድኩብሽ። ለወራት ስለ ጉሮሮ ስትጽፊልኝ፣ እኔም ዝንጅብል ሳዝ። ኖምሳን ጠርቼ አነበብኩላት፤ «አንተ ብትሆን ምን ትጽፍ ነበር?» አለችኝ። እኔም ሱቄ የተዘረፈ ጊዜ ለእናንተ የጻፍኩት «እግዚአብሔር ይመስገን ይሠራል» ነው። እህትና ወንድም ነን፣ ያሳደገን አንድ ሰው ነው።

የቀሚሷን ጫፍ ፈትቼ ካርዱን አወጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ አዲሱ ክንፉ በሚመጣበት ሰዓት፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና አሮጌውን ከድምፅሽ ጋር አስማምቼ ከፈትኩት። ምሕረት አኮረፈች። ያ የሚያስቀው ይሻላል አለች። ከዚያ የጋሼ ጀሪካን ጀመረ። በሁለተኛው ጡጫ ላይ ቀና አለች፣ በሦስተኛው ከጓዳ ባዶ ጀሪካን አምጥታ አብራ መደለቅ ጀመረች። የምትዪው አንዱም አይገባትም፤ ግን አቶ መንጋጋን «አቶ» ብላ ጠራችው። የጋሼን ሳል ስሰማ ግን ፊቴን አዞርኩ፤ ትንሽ አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ።

ተራራው ላይ ደረስን። ዝም አልሽ። ሁላችሁም ዝም ስትሉ ይሰማል፤ የወንበሩ ሲጥታ፣ የእትዬ ትርፊት ትንፋሽ። ምሕረት ጀሪካኑን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ከዚያ ጋሼ አንድ ጊዜ፣ በቀስታ፣ ደለቁ። አንቺ አልጻፍሽውም፣ ምናልባት አላስተዋልሽውም። እኔ ግን አወቅሁት። ልጅ ሆነን ጥያቄ ተጠይቀን ስንንተባተብ፣ እንዲያ ነበር የሚደልቁት። ተናገር ማለታቸው ነው።

ተናገርኩ። ሸሸኝ ያልኩሽ ሀዲይኛ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከአፌ ወጣ። አባቱ ከተራራው ማዶ ነው፣ መንገዱ ረዝሞበት ነው እንጂ አልቀረም። ምሕረት ምን አልክ አለችኝ፤ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። «የማን አባት?» አለችኝ። የክንፉ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ የእኔ ልልም ቃጣኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ አሁን ከተራራው ማዶ ያለው እኔ ነኝ። አስፋልቱን የሚያዩት፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ የእኔ መርዶ እንኳ አልመጣላቸው።

ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ለእኔና ለምሕረት። ወረቀቴ አልተስተካከለም፣ ስመለስ ያስገቡኝ አያስገቡኝ አላውቅም። ሱቁን ኖምሳ ከወንድሟ ጋር ትይዛለች። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም፤ ግን ካሁን በኋላ የምዘገይበት ምክንያት ቢኖረኝ እንኳ አልጽፍልሽም። ያሆዴን እዚያ ነን። ጀሪካኑን ማንም ውሃ እንዳይቀዳበት።

ይህንን ለጋሼ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ መጨረሻው ላይ ስትደርሺም ዝም አትበይ። ቲቶ መንገዱ ረዝሞበት ነው እንጂ አልቀረም በያቸው።

ወንድምሽ ቲቶ